የንጉሡ ጠባቂ

ውድ እህቴ፣ እንዴት ከርመሻል? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን።

አንድ ያሳፈረኝን ነገር ላጫውትሽ፤ አደራ፣ ለማንም እንዳትናገሪብኝ። በቀደም ጠዋት ልጅሽ ክፍሏ ሆና በስልክ «ንጉሡን ዛሬ እንገድለዋለን» ስትል ሰምቼ መጥረጊያዬን እንደያዝኩ ዘው አልኩባት። ሆዷን ይዛ ሳቀች።

«አክስቴ ደግሞ፣ ኢንተርኔት ላይ የምንጫወተው ድራማ እኮ ነው። አንዱ ልጅ ንጉሥ ነው፣ እኔ ጠባቂው ነኝ።»

ሥራ ቦታዬ ፀጉር ቤት ገብቼ ሳወራው ፀጉሯን የምሠራት ሙሽራ ሳትቀር በሳቅ ፍርስ አለች።

በነጋታው አንድ ፖሊስ እቤት መጣ። ለካ ንጉሥ የሚሆነው የዳቦ ቤቱ ልጅ ኖሯል፤ መናፈሻ ውስጥ በስለት ተወግቶ ተገኝቷል።

«ትናንት ከሰዓት ልጅቷ የት ነበረች?»

«እዚሁ፣ ከእኔ ጋር» አልኩት።

ፀጉር ቤት መዋሌ ትዝ ያለኝ ከወጣ በኋላ ነው። ምን እንደነካኝ እንጃ። ልጅሽ ግን አቅፋ ሳመችኝና «አመሰግናለሁ አክስቴ» አለችኝ። ለምኑ እንደሆነ አልጠየቅኋትም። ከዚያ ወዲህ ሳትታዘዝ ሳህን ታጥባለች፤ እንዲህ ጨዋ ሆና አይቻት አላውቅም።

ልጁ ዛሬ ዓይኑን ገልጧል አሉ፤ ነገ ፖሊሶቹ ያናግሩታል። ያለውን እንደሰማሁ እጽፍልሻለሁ። እስከዚያ ለእሷ አትደውይላት፤ እኔ አለሁላት። ጤናሽን ይስጥልኝ።

እህትሽ