የወይንሸት ግራ ዓይን

ሰኞ፣ የካቲት 1975

የባለቤቴ የወይንሸት ግራ ዓይን ዛሬም ቀልቷል። ባለፈው ሳምንት ከንፈሯ ላይ ምች ወጥቶባት ነበር፤ እሱ ሳይደርቅ ዓይኗ ተከተለ። ጎረቤታችን እትዬ ዘነበች ዳማከሴ ጨምቀው መጡ። "ልብስ አጥባ ፀሐይ ላይ ወጥታ ነው፤ ምች ነው" አሉ። ከንፈሯን ተቀባች፤ ዓይኗን አላስነካሁም። የሱቃችን ግማሽ ገበያ እሷ የምትጠልፈው የቀሚስ ጥልፍ ነው። ያለ ዓይን ጥልፍ የለም።

ማክሰኞ

ከድሬዳዋ ዕቃ የሚያመላልሰው ሸምሱ የዓይን ቅባት ሸጠልኝ። "ጋሼ፣ የውጭ ነው፤ ነገ ዓይኗ እንደ ወተት ይነጣል።" ማታ ቀባኋት።

ረቡዕ

ቅላቱ ጠፋ። ሁለት ቱቦ ጨምሬ ወሰድኩ፤ ለሱቁ ይሆናል።

ዓርብ

ወይንሸት ክር መርፌ ውስጥ ማስገባት አቃታት። "ጭስ ውስጥ የቆምኩ ይመስለኛል" አለች። ቅላቱ የጠፋ ዓይን ለምን ይደበዝዛል? አላማረኝም። ሱቁን ዘግቼ ሐኪም ቤት ወሰድኳት።

ሐኪሙ ዓይኗ ላይ ቀለም ጠብ አድርጎ በመሣሪያ አየ። የዛፍ ቅርንጫፍ የመሰለ ቁስል አገኘ። ከንፈሯ ላይ የወጣው ራሱ ነው፤ ሄርፒስ የሚባል ቫይረስ። ነርቭ ውስጥ ተደብቆ ይኖራል። ሲወጣ በሽታ የሚከላከሉትን የሰውነት ዘበኞች ያደነዝዛል፣ የት እንደገባም እንዳያውቁ ያደርጋል። እንዴት እንደሚያደርገው ገና እየተጠና ነው አለ።

ቱቦውን ሳሳየው ፊቱ ተለወጠ። ኮርቲዞን የሚባል ቅላት የሚያጠፋ መድኃኒት አለበት አለ። ቅላቱ የዘበኞቹ ትግል ነበር፤ ቅባቱ አስተኛቸው። "በሽታውን እርስዎም አገዙት" አለኝ። በየሰዓቱ የሚደረግ ጠብታ አዘዘ።

ቅዳሜ

ሸምሱ ብቅ አለ። "ጋሼ፣ ቅላቱን አላጠፋውም?"

"አጠፋው፤ ዓይኗንም ሊያጠፋ ነበር።"

ሊስቅ ጀምሮ ፊቴን ሲያይ ተወው። ቱቦዎቹን አልመለስኩለትም፤ ለሌላ ሰው ይሸጣቸዋል። ሽንት ቤት ጨመርኳቸው።

እትዬ ዘነበች "እኔ ምች ነው ብዬ ነበር" አሉ። እውነታቸውን ነው።

ማክሰኞ

ሐኪሙ ቁስሉ እየጠበበ ነው አለ። ጠባሳ ይተው አይተው ገና አይታወቅም። ቫይረሱ ግን ለቆ አይሄድም፤ ነርቯ ውስጥ ተመልሶ ይተኛል።

ከሰዓት በኋላ ወይንሸት ሱቁ በር ላይ ቆማ ቀኝ ዓይኗን በመዳፏ ሸፈነች። "የቀበሌው ሊቀመንበር መጣልህ" አለች። ደንግጬ ወጣሁ። ኬሻውን የተሸከመ ቆራሌው ነው።

"ቆብ ማድረጉን ግን አይቻለሁ" አለች።

ትናንት ቆቡንም አታየውም ነበር።