ቀይ ፕላስተር ያለበት ብረት

ጥር 4

ዛሬም ሥራ። ፖስታ ቤት፣ ጥቅል መቀበያው መስኮት ላይ ስመዝን ዋልኩ። የሰው ጫማ፣ የሰው መጽሐፍ... አንዲት ሴትዮ ለልጇ ብርድ ልብስ ትልካለች። «ትንሽ ቀንሺልኝ እስቲ» አለችኝ። እኔ ነኝ እንዴ የምቀንሰው? ሚዛኑ ያለውን ነው የምጽፈው።

ከሥራ በቀጥታ ወደ ጂም። ልጆቹ «ክሬን መጣች!» ብለው መንገድ ለቀቁልኝ። ይሄን ስም ስወደው! አራት ዓመት ላቤን አፍስሼ ያገኘሁት ነው። ሰሌዳው ላይ፣ በሴቶቹ ረድፍ አናት ላይ የእኔ ቁጥር አለ፤ ብረት ከመሬት ማንሳት፣ 120 ኪሎ።

የወንድሜ ሚስትም ነበረች። ልጇ ሁለት ዓመት ሊሞላው ነው፣ ቤተሰቡ ግን እስካሁን «ሙሽሪት» ነው የሚላት። ከወሊድ በኋላ ወገቤን አመመኝ ስትል «ነይ ጂም፣ እኔ አለሁልሽ» ብዬ ያመጣኋት እኔው ነኝ። ስምንት ወር ሆናት። ዛሬ 110 አነሳች። አጨበጨብኩላት።

እጄ ነው ያጨበጨበው። እኔስ እንጃ...

ጥር 11

112.5። እሷ። እኔ እዚያው ነኝ።

ጥር 19

አሰልጣኙ ሰብስቦ ነገረን። መጋቢት 27 ውድድር አለ፣ ከመሬት ማንሳት ብቻ፣ ለሴቶች ሲዘጋጅ የመጀመሪያው። ከየጂሙ ለአንድ የክብደት ምድብ አንዲት ሴት። ከስልሳ ሦስት ኪሎ በታች ያለነው ሁለት ነን፤ እኔና እሷ። የካቲት 21 ማጣሪያ።

አራት ዓመት ስጠብቀው የነበረ ነገር! ሠላሳ ዘጠኝ ልሞላ ነው። የሚቀጥለው መቼ እንደሆነ ማን ያውቃል? እሷ ሃያ ስድስት ናት፣ ገና ስንት ውድድር ትጠግባለች።

ወጥተን ስንሄድ እጄን ያዝ አድርጋ «እትዬ፣ አንቺ ነሽ የምትሄጂው፣ እኔ ለጨዋታው ነው» አለችኝ። ለጨዋታው! ይሄ አባባሏ እስካሁን ይለበልበኛል።

ጥር 26

እማዬ ቤት ምሳ። ስልሳ ሦስት እንዳላልፍ ብዬ ግማሽ ሰሃን በላሁ። ሙሽሪት ሁለት ጊዜ ተጨመረላትና ጠረገችው። አንድ ግራም አትጨምርም መሰለኝ። እማዬ ደግሞ ክንዷን ጨበጥ አድርጋ «ወይ ጉድ፣ ይቺ ልጅ!» ትላለች።

«እኔስ?» አልኳት፣ እንደ ቀልድ።

«አንቺማ ድሮም ጠንካራ ነሽ። የምትገርመው እሷ ናት።»

ድሮም ጠንካራ... ይኸው ነው እንግዲህ። ጠንካራ ሆኖ የተወለደ ሰው ምስጋና የለውም።

የካቲት 3

117.5 አነሳች። ልጆቹ ምን ቢሏት ጥሩ ነው? «ትንሿ ክሬን»! ከአንገት በላይ ሳቅሁ። መታጠቢያ ቤት ገብቼ ቧንቧውን ከፍቼ አለቀስኩ። ትልቅ ሴትዮ!

የካቲት 8

ሳስበው ሳስበው... አይሆንም። እኔ 117.5 ለመድረስ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል። እሷ በዘጠኝ ወር? ልጅ እያጠባች?

ብረቷ ነው። ያ ጫፉ የዛገው፣ ሁልጊዜ ከጥግ የምታነሳው ብረት አንድ ነገር አለው። አሰልጣኙ የሚቆጥረው እንዲህ ነው፤ ማንኛውም ብረት ባዶውን ሃያ ኪሎ ተብሎ ይያዛል፣ ከዚያ በሁለቱ ጫፍ የሚገቡት ዲስኮች ይደመራሉ። ብረቱ ሃያ ካልሆነስ? ማን መዝኖት ያውቃል?

እኔ የራሴ አለኝ። አሰልጣኙ ከተዘጋ ጂም ሲያመጣው ወንዶቹ ቀጭን ነው ብለው ናቁት። ለእኔ እጅ ግን በልክ የተሠራ ነው የሚመስለው። መሃሉ ላይ ቀይ ፕላስተር ጠቅልዬበታለሁ፣ ማንም አይነካውም። የእሷን ነው ማየት ያለብኝ።

ቢሮ ትልልቅ ጆንያ የምንመዝንበት መንጠቆ ሚዛን አለ። አርብ ይዤው እወጣለሁ።

የካቲት 10

በጠዋት ሄድኩ። ጽዳት የምትሠራው ሴትዮ ብቻ ነበረች፣ «ምን ልታጠምጂ ነው?» ብላ ሳቀችብኝ። መንጠቆውን ተንጠልጥለን ሰውነታችንን ከምንስብበት አግዳሚ ላይ አንጠለጠልኩ፣ የሙሽሪትን ብረት መሃሉን በገመድ አሰርኩና ሰቀልኩት። አሥራ አምስት በል፣ አሥራ አምስት በል...

ሃያ።

ደግሜ ሰቀልኩት። ሃያ ከሃምሳ ግራም።

ንድድ ብሎኝ «ሚዛኑ ተበላሽቷል» አልኩ። ለማረጋገጥ ብዬ የራሴን ሰቀልኩ።

አሥራ አምስት።

አሥር ኪሎ ዲስክ ሰቀልኩ፤ አሥር። ሚዛኑ ደህና ነው። የራሴን እንደገና፤ አሥራ አምስት። እዚያው ሲሚንቶው ላይ ቁጭ አልኩ። የእኔ 120 መቶ አሥራ አምስት ነው ማለት ነው። አራት ዓመት ሙሉ! ሥራዬ መመዘን፣ እንጀራዬ መመዘን፣ የራሴን ብረት አንድ ቀን እንኳ...

ከሙሽሪት አንሳለሁ ማለት ነው። ዛሬ ሳይሆን ከሳምንት በፊት ጀምሮ።

የካቲት 11

ለማንም አልተናገርኩም።

የካቲት 21

ማጣሪያ። ሁሉም በለመደው ብረት ነው የሚያነሳው። እሷ 120 አነሳች፣ 122.5 ላይ ከጉልበቷ አላልፍ አላት። እኔ ቀዩን ፕላስተር ጨብጬ 122.5 ቀጥ ብዬ ቆምኩ።

በሰሌዳው 122.5። በሚዛኔ 117.5።

«ክሬን! ክሬን!» ጂሙ ተናጋ። ሙሽሪት ሮጣ መጥታ አቀፈችኝ፣ በላብ የራሰ ጉንጬን ሳመችኝ። «አላልኩሽም እትዬ?» አለች። ዓይኗን ማየት አቃተኝ። ደስ አለኝ? አዎ፣ አለኝ። ለትንሽ ደቂቃ በጣም ደስ አለኝ።

መጋቢት 2

ውድድሩ ላይ የሚቀርበው ብረት ሃያ ኪሎ ነው፤ እሱን ማንም አይሸፍጥም። ሰው ሳይኖር በሙሽሪት ብረት ሞከርኩ። 120 ከመሬት አልተነቀነቀም። 117.5 ጥርሴን ነክሼ አንዴ ተነሳ።

ምን ችግር አለው? ትንሽ ወረድ ብዬ እጀምራለሁ፣ «ቀኑ አልነበረም» እላለሁ። ማን ያውቃል?

ሙሽሪት የተቀደደ ቀበቶዬን ወስዳ ሰፍታ መለሰችልኝ። ስፌቷ ቀጥ ያለ ነው። እሱም አናደደኝ።

መጋቢት 9

አንድ ሽማግሌ መስኮቱ ላይ መጡ። ጥቅላቸው ሁለት ኪሎ ከሦስት መቶ አለ። «እኔ ቤቴ ስመዝነው ሁለት ነው። ሚዛንሽ ያጭበረብራል» አሉኝ።

ደሜ ፈላ። ተነስቼ ቆምኩ። «አባባ፣ አሥራ አንድ ዓመት እዚህ ተቀምጬ በአንድ ሰው ላይ አንድ ግራም ጨምሬ አላውቅም! እኔን ነው...»

ተመልሼ ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩ። ሽማግሌው ደነገጡ። «ምነው ልጄ፣ አመመሽ እንዴ?» አሉኝ። ሰልፈኛው ሁሉ ያየኛል። ይቅርታ ጠይቄ ማህተሙን መታሁላቸው።

አምስት ኪሎ ነው የጨመርኩት። ግራም አይደለም።

የስም ዝርዝሩ የሚላከው መጋቢት 15 ነው። ስድስት ቀን...

መጋቢት 10

ተናገርኩ። ሁሉም ባሉበት። ሚዛኑን ሰቅዬ፣ ብረቱን ሰቅዬ፣ «ኑ እዩ» አልኩ። ከማጣሪያው በፊት ጀምሮ አውቅ እንደነበርም ነገርኳቸው። ይህን መናገሩ ነው የከበደኝ።

አሰልጣኙ ራሱን ያዘ። «አራት ዓመት! እኔስ ምን አሰልጣኝ ነኝ!» ከዚያ እንደ እብድ የጂሙን ብረት በሙሉ እየሰቀለ መዘነ። ሌላው ሁሉ ሃያ። የእኔ ለሴቶች የተሠራ ሌላ ዓይነት ብረት ነው አለ፤ በዚህ ውድድር ግን ሴቶቹም የሚያነሱት በሃያው ነው። ስሜን ሰርዞ የእሷን ጻፈ።

ሙሽሪት ተከትላኝ መቀየሪያ ክፍል ገባች።

«እትዬ... እኔ አውቅ ነበር።»

«ምኑን?»

«ብረቱን። ባለፈው ጉንፋን ይዞሽ የቀረሽ ጊዜ ሞክሬው ነበር። ቀለለኝ።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

ጫማዋን እያሰረች፣ ቀና ሳትል፣ «እንዴት ብዬ? እዚህ ያመጣሽኝ አንቺ ነሽ እኮ» አለችኝ።

አውቃ ነው ጉንጬን የሳመችኝ! አውቃ ነው ቀበቶዬን የሰፋችው! ባቅፋት ነበር የሚያምረው። እኔ ግን ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ። መንገዱን ሙሉ ስናደድ ሄድኩ። እሺ በጉልበቱ ትብለጠኝ... በደግነቱም?

መጋቢት 16

ጂም አልሄድኩም። ወንድሜ ደወለ። «ሚስቴ ውድድሩ ላይ ከአንቺ ሌላ ሰው አጠገቤ አይቁም ብላለች። ምን አደረግሻት?» አለኝ። ምን አደረገችሽ ቢል አይሻልም?

መጋቢት 27

ሄድኩ። ቀበቶዋን ያጠበቅኩላት እኔ ነኝ፣ መዳፏ ላይ ነጩን ዱቄት የቀባሁላት እኔ ነኝ። እጇ እንደ በረዶ ነበር።

እዚህ የሚያነበኝ የለም፣ ስለዚህ እውነቱን ልጻፍ። የመጀመሪያውን 117.5 ስታነሳ ከእጇ ቢያመልጥ ብዬ ተመኘሁ። አላመለጠም። ሁለተኛው ላይ፣ 122.5፣ እንደ ማጣሪያው ከጉልበቷ ላይ ቆመ፤ ጣለችው። እና ደስ አለኝ! ዞር ስል ዓይኗ እኔን ይፈልጋል። አሰልጣኙን አይደለም፣ ባሏን አይደለም፣ እኔን። ጠጋ ብዬ «ቂጥሽ ቀድሞ እየተነሳ ነው፣ ደረትሽን ቀና አድርጊ» አልኳት። የመጀመሪያ ቀን ያስተማርኳት ነገር ነው። ያንኑ ቁጥር አልደግምም አለች። ጭራሽ 125 አስጻፈች።

ብረቱ ጉልበቷ ጋ ደርሶ መንቀጥቀጥ ሲጀምር አፌ ቀደመኝ። «ደረት! ደረት! አትልቀቂ!» ጉሮሮዬ እስኪነቃ ጮህኩ። ቆመች። ከሦስቱ ዳኞች ሦስት ነጭ መብራት፤ ተቆጠረላት። ሁለተኛ ወጣች።

ሚያዝያ 1

ዛሬ ተመለስኩ። ቀዩን ፕላስተር ከብረቱ ላይ ልጬ ጣልኩት። ሙጫው አልለቅ ብሎ ጥፍሬን ሰበረኝ። ከዚያ እሷ ከምታነሳበት ብረት ላይ 117.5 ጭኜ፣ አሰልጣኙ እያየ፣ አነሳሁ። ጠመኔውን ሊወስድ ሲል ቀድሜ አነሳሁት። የድሮውን ቁጥሬን በመዳፌ ጠርጌ አዲሱን በራሴ እጅ ጻፍኩ።

ከበላዩ የእሷ አለ፤ 125።

ልጆቹ ዛሬም «ክሬን» አሉኝ። ሁለታችንም ዞርን።

ቅናቱ ለቀቀኝ? አልለቀቀኝም፣ ምን አዋሸኝ። ግን ድሮ ስፋቱም ጥልቀቱም የማላውቀው ነገር ነበር። አሁን አውቀዋለሁ። ሰባት ኪሎ ተኩል ነው።

ነገ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ አብረን እንጀምራለን። አርፍዳ እንዳትመጣ ነግሬአታለሁ።