ስለ ሃያ ሁለት ደቂቃው ንግግርዎ የቀረበ ምስጋና

ሚያዝያ 29 ቀን 1979 ዓ.ም.
ጎንደር

ለተከበሩ ጓድ መለሰ፣
የቀበሌያችን የኪነትና የቅስቀሳ ኃላፊ

ጓድ ኃላፊ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? በተለይ ጉሮሮዎ እንዴት ሰነበተ? ለመላው ነዋሪ የተመደበ ጉሮሮ ስለሆነ ብርድ እንዳይመታው እኛ የማራኪ ሰፈር ጎረቤቶችዎ አጥብቀን እንመኛለን። እኔ የክንዱ እናት፣ ከሆስፒታል መዝገብ ቤት በጡረታ የተገለልኩት እታገኘሁ፣ ለጤናዬ ደህና ነኝ። ይህን ደብዳቤ በማስታወቂያ ሰሌዳዎ ላይ የለጠፍኩት ምስጋና ተደብቆ መቅረት የለበትም ብዬ ነው።

1ኛ. ልጄ ክንዱና ሁለት ጓደኞቹ በማንም የኪነት ቡድን ሳይታቀፉ፣ ማሲንቆና ጊታር አዋድደው በእኔ ሳሎን የቀዱትን የመጀመሪያ ካሴታቸውን በአዳራሽ ለሂስ ስላቀረቡልን አመሰግናለሁ። ካሴት ነጋዴው ጀማሉዲን በሱቁ እያባዛ ሲሸጠው ያልደረሰው ሰው ሁሉ በእርስዎ ድምፅ ማጉያ በነፃ ሰማው። ነዋሪው፣ በሚገባ ለመተቸት አንዴ መስማት አይበቃም ብሎ ሦስት ጊዜ ሲያስደግምዎ፣ ንቃታችንን አድንቀው በቃለ ጉባኤ ማስመዝገብዎም አይረሳኝም። ጠንከር ያለ ሂስ የሰነዘሩት ከአይከል ለገበያ መጥተው እግረ መንገዳቸውን የገቡት አያ ታከለ ብቻ ነበሩ፤ ዘፈኑስ ሸጋ ነው፣ ምነው እንዲህ አጠረ ብለው ተቀመጡ።

2ኛ. ከስብሰባው በሦስተኛው ቀን ክንዱን ተራው ሳይደርስ ለብሔራዊ ውትድርና ስለላኩልኝ አመሰግናለሁ። አንድ ደብዳቤ ጽፎልኝ ነበር፤ ከዚያ ወዲህ ዘጠኝ ወር ሆነው። ስለ እሱ ልጠይቅ በመጣሁ ቁጥር፣ ለወትሮው መግለጫ የማያልቅበት ቢሮዎ ዝም ማለቱን እንደ ትሕትና ቆጥሬዋለሁ።

3ኛ. ዋናው ይህ ነው። ካሴቶቹን ከየቤቱ ለቅመው፣ ስለ ኪነት ተልዕኮ ያደረጉትን ንግግር በዘፈኖቹ ላይ በሁለቱም ገጽ አስቀድተው፣ ቤተሰብ ሁሉ እንዲያዳምጠው ከባትሪ ድንጋይ ጋር መልሰው አደሉን። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ቸርነትዎ ግን፣ የካሴቱ አንድ ገጽ ሠላሳ ደቂቃ ሆኖ ሳለ ንግግርዎ በሃያ ሁለተኛው ደቂቃ ማለቁ ነው። ሐሳብዎ ሩቅ እንደማይሄድ ቀድሞም እናውቅ ነበር፤ ለእኛ ይህን ያህል ይጠቅመናል ብለን ግን አልጠበቅንም። በተረፉት ስምንት ስምንት ደቂቃዎች ክንዱ በአንደኛው ገጽ ስለ ፀዳ ከተማ መንገድ፣ በሁለተኛው ስለ እኔ የዘፈናቸው ዘፈኖች ሳይነኩ ቀሩ። በሁለተኛው መጨረሻ ላይ ጊታሩ ዝም ሲል፣ እኔ እየቀዱ መሆናቸውን ሳላውቅ ገብቼ በሩ ሲጮህ ይሰማል፤ ክንዱም እየሳቀ፣ እማዬ በሩን ዝጊልን ይላል። ልጄ ሲናገር የምሰማበት ሌላ ነገር በቤቴ የለም።

ለበላይ አካል በላኩት ሪፖርት፣ ሕዝቡ ንግግሬን በሠርግ ሳይቀር እስከ መጨረሻው ያዳምጣል ብለው መጻፍዎን ሰምተናል፤ አንድም ሐሰት የለበትም። ባለፈው እሑድ ፀዳ በነበረው ሠርግ ድንኳን ውስጥ በክብር ተቀምጠው ሳለ፣ ካሴቱ ተከፍቶ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ የድምፅዎን ማለቅ ሲጠብቅ፣ ባበቃበት ቅጽበትም እልል ብሎ ሲነሣ በዓይንዎ አዩ። እርስዎም ለራስዎ መስሎዎት ብድግ ብለው እጅ ነሡ። ነገሩ ሲገባዎ ወደ መቀመጫዎ የተመለሱበት አኳኋን እስከ ዛሬ ሥራ ያስፈታኛል።

በማግስቱ ካሴቶቹ በሙሉ በሚመጣው ሰኞ ተሰብስበው፣ ቀሪዎቹ ደቂቃዎችም በንግግርዎ እንዲሞሉ አዘዙ። አዲስ የሚሉት ስለጠፋ የፊቱን ስምንት ደቂቃ ሊደግሙት መሆኑን ስሰማ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ አዘንኩልዎ።

እኔ የእኔን አላመጣም። በሩን ዝጊ የሚለኝ ልጄ እስኪመጣ ድረስ በሬ ክፍት ነው፤ ሰው ቢልኩብኝ ማንኳኳት አያስፈልገውም። እንዳይደክም ብዬም የቤት ቁጥሬን ከፊርማዬ ሥር ጽፌለታለሁ።

ስምዎ ቢያንስ ለሃያ ሦስተኛዋ ደቂቃ እንዲታወስ ከልብ በመመኘት፣

አክባሪዎ፣
እታገኘሁ አንዳርጋቸው
የቤት ቁጥር 214

ማስታወሻ፦ የራስዎን ቤት ካሴት ሰኞ አይፈልጉት። ባለቤትዎ ወይዘሮ አምሳል ትናንት አምጥተው እኔ ዘንድ በአደራ አስቀምጠውታል። ባትሪ ድንጋዩን ለዘፈኑ ለመቆጠብ ሲሉ ንግግርዎን በእርሳስ እያጠነጠኑ ስለሚያልፉት፣ በእርስዎ በኩል ያለው ክር ላልቷል። ይህን እንድጽፍልዎ የፈቀዱልኝ እርሳቸው ናቸው፤ ፊት ለፊት እንዳይነግሩዎ፣ ቤት ውስጥ ከእርስዎ ተርፎ የመናገር ተራ ደርሷቸው አያውቅም።