ውሃው ላይ ሰፈር እስኪደርስ

ጥቅምት 3፣ ሰኞ

ጠዋት የውሃ ቆጣሪ ጥገና። ምሳ ሽሮ። ከሰዓት ግድቡ ድረስ ወጣን። ሞልቷል! በማስተንፈሻው ተርፎ ይፈሳል። በዋግ ምድር ውሃ ተርፎ ሲፈስ አየሁ ብል ማን ያምነኛል? ቢያዝን፣ ያ የማይስቅ አለቃዬ፣ ጫማውን አውልቆ ገባበት። ዓርብ ለከተማው ይለቀቃል ተባለ።

ስመለስ ላይ ሰፈር፣ እማ ዘንድ ጎራ አልኩ። ዓርብ ቧንቧሽ ውሃ ያመጣል አልኳት።

"አንቺ ልጅ፣ ውሃ ሽቅብ ሲወጣ የት አይተሻል?"

ፓምፑ ሽቅብ ገፍቶ የሚሞላው ታንከር ካንቺም ቤት በላይ ነው ብላት አትሰማ... ለጎረቤቱም ሁሉ ቃል ገብቼ ወረድኩ። አፌ መቼ ያርፋል?

ጥቅምት 7፣ ዓርብ

ተለቀቀ። ታች ከተማ እልልታ ነው። ላይ ሰፈር ግን ጠብታ የለም። እማ ጀሪካኗን ደቅና ቁጭ ብላለች። ተነስታ ከወንዝ በቀዳችው ውሃ ቡና አፈላችልኝ። ብትቆጣኝ ይሻል ነበር።

ጥቅምት 8፣ ቅዳሜ

ታንከሩ ባዶ! ግድቡ ሙሉ፣ ፓምፑ ደህና፣ የተሰበረ ቱቦ የለም። የት ገባ? ቀኑን ሙሉ መስመር ለመስመር ስንዞር ዋልን። ቢያዝን ተስፋ ቆረጠ። "እስከ ሰኞ ካልወጣ የላይ ሰፈርን መስመር እዘጋዋለሁ። ታች ያለው እንኳ በደንብ ይጠጣ" አለ። እማስ? በዚያ በሚያማት ጉልበቷ እስከ መቼ አህያ እየነዳች ወንዝ ትውረድ?

በንዴት ቤቴ ገባሁ። ጓሮ ውሃ ይንዠቀዠቃል። ቧንቧዬ ሥር ያለው ጀሪካን ሞልቶ፣ ተርፎ፣ ጎመኔን አጥለቅልቆታል። ጠዋት ከፍቼው ሄጄ ነው። እንደ ሁልጊዜው! እዚህ ሰቆጣ ቧንቧ ማን ይዘጋል? ውሃ ድንገት ብቅ ሲል እንዳያመልጥ ከፍቶ፣ ጀሪካን ደቅኖ መሄድ ነው ልማዳችን። የሞላለትም ነገ ይጠፋል ብሎ ድስት ሳይቀር ይደቅናል። ጎረቤቴ ሸጌ ዘንድ ሮጥኩ... ክፍት። ከሷ ቀጥሎ... ክፍት። መንገድ ላይ ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። ሌባው ተገኘ፤ እኛው ነን!

ጥቅምት 9፣ እሁድ

ቅዳሴ አልቆ ሕዝቡ ሳይበተን መምሬ ገብረ ሊባኖስን ጠጋ አልኳቸው። "አባቴ፣ ቧንቧችሁን ዝጉ ይበሉልኝ።" ነገሩን አስረዳኋቸው። ትንሽ አሰቡና "ውይ ልጄ፣ የእኔም ቤት ክፍት ነው እኮ!" አሉ።

ከዚያ ለሕዝቡ፦ "እግዚአብሔር ክረምቱን ሰጠን፣ ግድቡም ሞላ። የላይ ሰፈር ሰው ተጠምቶ የእናንተ ጓሮ አይጠጣ! ሂዱ፣ ዝጉ። እኔም ልዘጋ መሄዴ ነው።"

ሳቅ ሆነ። አንዲት ሴት ግን "ዘግተነው ውሃው ባይመለስስ?" አለች። ሁሉም ወደ እኔ ዞረ።

"ካልመጣ ኑና ቤቴን አፍርሱት!" አልኩ። አይ አፌ...

ጥቅምት 10፣ ሰኞ

ወጣ! ወጣ! ወጣ!

ታንከሩ ሞልቶ አደረ። እማ ግቢ ስደርስ ቧንቧው መጀመሪያ አየር ተነፈሰ፣ አሳለ። ቀጥሎ ቀይ ውሃ። ከዚያ ኩልል ያለ! እማ ፊቷን ታጠበች፣ ደረቷ እስኪርስ። በኽምጣኛ መረቀችኝ፤ ደስ ሲላት አማርኛው ይጠፋባታል። ሰፈሩ በእልልታ ቀለጠ። ቢያዝን ደወለ።

"ወጣ?"

"ወጣ!"

ሳቀ። ሲስቅ ስሰማው የመጀመሪያዬ ነው። ኮራሁ። ለምን አልኮራም?

ጥቅምት 23፣ እሁድ

እማ ዘንድ ዋልኩ። ውሃ የምታጠራቅምበት ትልቁ በርሚል በሩ አጠገብ የለም። ነፍስ ካወቅሁ ጀምሮ ከዚያ ተነስቶ አያውቅም። ሸጠችው እንዴ? ጓዳ ስገባ አየሁት። አጥባ፣ ፀሐይ ላይ አድርቃ፣ አዲሱን ገብስ ሞልታበታለች።

"ታዲያ ውሃ በምን ልታጠራቅሚ ነው?" አልኳት።

ገርሟት አየችኝ።

"ለምኑ?"