በጭብጨባ የተዘጋው ማዋለጃ ክፍል

ለተከበሩ የአካባቢያችን ምክር ቤት ሰብሳቢ፣
ባሉበት

ክቡርነትዎ፣ ከሁሉ አስቀድሜ እጅ እየነሣሁ ስለ ጤናዎ እጠይቃለሁ። ጉሮሮዎ እንዴት ሆነልዎ? ባለፈው እሑድ አዲሱን አዳራሽ ሲመርቁ «ሪፐብሊክ ዴሞክራሲ ነውን?» በሚለው ክርክር ላይ ያን ያህል ሲናገሩ ድምፅዎ ሲሻክር ሰምቼ እጅግ አሳስቦኛል። እኔ ከገበያው ጀርባ ልብስ የምሰፋው ሴት ነኝ። ደጅዎን ስጠና ከርሜ፣ ጸሐፊዎ «ስብሰባ ላይ ናቸው» ከማለት ሌላ መልስ እንዳልተሰጣት ስለገባኝ ይህን በአደባባይ መጻፌን በትሕትና ይቅር ይበሉኝ።

አንደኛ፣ ስላስተማሩን አመሰግናለሁ። ካቻምና በትምህርት ቤቱ ሜዳ ሰብስበውን የጤና ጣቢያው ማዋለጃ ክፍል ይዘጋ እንደሆነ ሲጠይቁን፣ «አይዘጋ» ብሎ እጁን ያላወጣ የእርስዎ ሾፌር ብቻ ነበር፤ እሱም ምስኪን መኪናዎን እያጠበ ስለነበር ነው። እርስዎ ግን አገራችን ሪፐብሊክ እንጂ ዴሞክራሲ አለመሆኗን፣ የእጅ ብዛት ሕግ እንደማይሆን፣ የሚወስኑልን ወኪሎቻችን መሆናቸውን አብራሩልን። ብዙው ተሰብስቦ የጥቂቱን መብት እንዳይረግጥ ሕግና ወኪል ያስፈልጋል ማለትዎ ከሆነ፣ እውነትዎን ነው፤ እኔም በዚህ አልከራከርዎትም። ግን እስቲ ይንገሩኝ፣ ሴቶች ባሉበት ሰፈር ቢወልዱ የማን መብት ይረገጥ ነበር?

ሁለተኛ፣ ስለ ጭብጨባው። ክቡርነትዎ፣ ያን ቀን ያጨበጨብነው ንግግርዎን እንዲጨርሱልን ነበር! ፀሐዩ አናታችንን እየበሳው፣ ሕፃናቱ እያለቀሱ፣ ዳቦ ጋጋሪው ጎረቤቴ ሊጡ እንዳይበላሽበት ቸኩሎ ከኋላ ማጨብጨብ ጀመረ፤ እኛም ግልግል ብለን ተቀበልነው። በማግስቱ የማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ «ነዋሪው በሞቀ ጭብጨባ መዘጋቱን ደግፏል» ተብሎ ተለጠፈ። ወይ ጉድ! ለካ በሪፐብሊክ የተነሣ እጅ አይቆጠርም፤ የተጨበጨበ እጅ ግን ይቆጠራል። ዳቦ ጋጋሪው ዛሬም ድረስ ሰው በቀለደበት ቁጥር አንገቱን ይደፋል፤ ጥፋቱ የእሱ ነው ብሎ የሚያምነውም እሱ ብቻ ነው።

ሦስተኛ፣ ስለ ወኪሎቻችን። የሚወስኑት እነሱ ከሆኑ ብለን ብንፈልጋቸው የሥራ ዘመናቸው ካለቀ ቆይቷል፤ አንደኛውማ ጭራሽ ከተማ ቀይረዋል። እሑድ ዕለት አንድ ጡረተኛ መምህር ተነሥተው ምርጫው መቼ ነው ብለው በአክብሮት ሲጠይቁዎት፣ ሪፐብሊክ ማለት ራሱ ዴሞክራሲ ስለሆነ የሚያጣድፈን ነገር እንደሌለ በፈገግታ መለሱላቸው። ጆሮዬን ማመን አቃተኝ። እጃችንን ስናወጣ ዴሞክራሲ ያልነበረው አገር፣ ምርጫ ስንጠይቅ ዴሞክራሲ ሆኖ አረፈው። እኔ በበኩሌ የደንበኛን ልክ እንዲህ እንደፈለግሁ ባሳጥርና ባስረዝም ኖሮ ሱቄ ገና ድሮ ይዘጋ ነበር።

የቀረውን ቁጥር አልሰጠውም። ያ ክርክር የተካሄደበት አዳራሽዎ ማዋለጃ ክፍላችን ነው። ግድግዳው ያው ነጭ ሴራሚክ ነው፤ አዋላጇ እጃቸውን ይታጠቡበት በነበረው ገንዳ ላይ የአበባ ማስቀመጫ ተቀምጧል፤ በግሉኮስ መስቀያው ላይ የማይክራፎንዎ ገመድ ተጠምጥሟል። አምና ልጄን ምጥ ሲይዛት ከድልድዩ ማዶ ወዳለው ሆስፒታል ይዘናት ስንበር፣ የልጅ ልጄ በኪራይ መኪና የኋላ ወንበር ላይ ተወለደ። አላለቀሰም። አማቼ በሸሚዙ ጠቅልሎት ቤት እስክንመለስ ድረስ ከእጁ አላወረደውም። እሑድ እርስዎ ሲናገሩ ልጄ አጠገቤ ነበረች፤ ድጋሚ ነፍሰ ጡር ናት፣ ወሯም ገብቷል። አልጋው የነበረበትን ቦታ ስታይ ቆይታ «እማ፣ እንውጣ» አለችኝ። አንጀቴ አርሯል፣ ክቡርነትዎ፤ ከዚህ በላይ ጨዋ ሆኜ ልነግርዎት አልችልም።

ሪፐብሊክ ዴሞክራሲ ይሁን አይሁን ሊቃውንት ይጨርሱት። የእኔ ጥያቄ አንድ አልጋ፣ አንድ አዋላጅና የሚፈስ ውሃ ነው። በአንደበትዎ ርዝመት፣ በትዕግሥታችንም ስፋት ወንበርዎ እንደጸና ይቆይልዎ እያልኩ፣

ዘወትር አክባሪዎ፣
ልብስ ሰፊዋ

ማሳሰቢያ፦ ደብዳቤውን ሳልለጥፈው ልጄን ምጥ ያዛት። ድልድዩን ጎርፍ ስለሞላው ጡረታ የወጡትን አዋላጃችንን ጠርተን ወደ አዳራሽዎ ወስደናታል። ዘበኛው መጀመሪያ ትእዛዝ ይምጣ ብሎ ነበር፤ ጩኸቷን ሲሰማ ግን በሩን ራሱ ከፈተው። ወንበሮቹን ደጅ አውጥተናቸዋል። የዛሬው ስብሰባዎ ካልተሰረዘ፣ ልጄ እስክትገላገል ድረስ እዚያው ደጅ ቁጭ ብለው ይጠብቁን።