አባትሽ እንዴት እንደቀለለ

ፍኖተ ሰላም
ጥቅምት ፲፪ ቀን ፳፻፲፰ ዓ.ም.

ለዓይኔ ማረፊያ ለልጄ ለያምሮት፤

እንዴት ከርመሻል? ጅማ ዝናቡ አባራ? ሆስፒታሉስ የሌሊት ተራ አብዝቶብሻል ወይስ ተሻለ? እኛ ክብር ለእሱ ይሁን ደኅና ነን። ደብዳቤ ሲደርስሽ አትደንግጪ፣ የሞተ ሰው የለም። ስልኩማ ኔትወርክ ባለ ቀን ይሠራል፤ ግን አንቺ በደወልሽ ቁጥር አባትሽ «የለም በያት» ይለኝና አጠገቤ ተቀምጦ እያንዳንዷን ቃል ያዳምጣል። እሱ እየሰማ የእሱን ነገር እንዴት ላውራሽ? ጎረቤታችን እህተ ማርያም እኅቷን ልትጠይቅ ወደ ጅማ ስለምትመጣ ይህችን በእሷ እጅ ልኬልሻለሁ።

የወንበሩን ነገር ሰምተሻል፤ ግን በትክክል የነገረሽ ያለ አይመስለኝም። ከፋሲካ በኋላ የአባትሽ አክስት ቡሬ አርፈው ለቅሶ ልንደርስ ሄድን። አባትሽ ድንኳን ውስጥ ከሽማግሌዎቹ መካከል ተቀምጦ የሟችን ደግነት ይናገር ጀመር። «ከእንግዲህ ማን ይሸከመናል» ሲል የፕላስቲኩ ወንበር አራት እግሩን ዘርግቶ ተኛ። አልቃሾቹ ሁሉ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አደረጉ። መጀመሪያ ኀዘን የጸናባቸው መስሎኝ ነበር፤ ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ ሳይ ነው የገባኝ። ከመሬት ካነሱት ጎልማሶች አንዱ ወገቡን ይዞ ቀረ።

በማግስቱ ደወልሽና «አባዬ፣ ይህን ሆድ ተሸክመው ሩቅ አይሄዱም» አልሽው። አንቺ እንደ ነርስ ተናገርሽ፣ እሱ እንደ አባት ሰማ። ከዚያ ወዲህ ስልክሽን አልነካም። እኔን ግን «ዳይት ጀምሬያለሁ» አለኝ።

ዳይቱን ያመጣለት አብሮት የሚያስተምረው ወንዳወቅ ነው። ጠዋት ሎሚ የተጨመቀበት ሙቅ ውኃ፣ ቀን ቅቅል እንቁላል በጥሬ ጎመን፣ ማታ ምንም። እንጀራማ በዓይኑም እንዳይታይ። እኔ «ተው ረጋ በል፣ ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል» ብለው፣ እንቁላሉን እግር ሳያወጣ እየቀቀለ ፈጀው። ፊቱ ገረጣ፣ ጠባዩ ከፋ። አንድ ተማሪ ማስቲካ ሲያኝክ አይቶ ከክፍል አስወጣው አሉ፤ ቀንቶበት ይመስለኛል።

ይባስ ብሎ ጊዜው በዓለ ሐምሳ ነበር። ረቡዕና ዓርብ እንኳ በማይጾምበት ሰሞን የማኅበር ዶሮ ቀርቦለት እጁን ሰበሰበ። መንደሩ በሦስተኛው ቀን «መምህር አዛናው ሃይማኖት ለወጠ» ማለት ጀመረ። የንስሐ አባታችን ቄስ እጅጉ መስቀላቸውን ይዘው መጡና አስቀመጡት።

«ጌታ ተነሥቶ ሳለ አንተ የማንን ጾም ነው የምትጾመው?» አሉት።

«የወንበርን ነው፣ አባ» አለ።

ቄሱ ሳቃቸውን ለመሸሸግ ቶሎ ጸሎት ጀመሩ።

ከዚያ በኋላ ማንኩሳ ሠርግ ተጠራን። ልጄ፣ የተከለከለውን ሁሉ በአንድ ቁጭታ ካሰ። ስንመለስ ሚኒባሱ ውስጥ ላብ አጠመቀው፣ እጁ በረዶ ሆነ። ጤና ጣቢያ እስክንደርስ እጁን ይዤ ለማርያም ያልተሳልኩት ስለት የለም። እግዜር ይስጣትና ያየችው ሐኪም አልተቆጣችውም። «በአንድ ጊዜ የመጣ ሆድ አይደለም፣ በአንድ ጊዜም አይሄድም» ብላ ሰደደችን።

እኔም ምንም ሳልል ሥራዬን ጀመርኩ። ትልቁን ትሪ ዕድር ወሰደው አልኩት፤ አልጋ ሥር ነው ያለው። በትንሹ መብላት ለመድን። የሻዩን ስኳር በማንኪያ ጫፍ በጫፍ ቀነስኩበት፣ እስካሁን አላወቀም። እራት ቀደም አደረግን። ማጉረሱን ግን አልተውኩም፤ ሳይጎርስ ያኮርፋል። ጎመን ነው የማጎርሰው።

ጠዋት ጠዋት ደግሞ አብረን መውጣት ጀመርን። በመጀመሪያው ቀን እስከ ቤተ ክርስቲያኑ አጥር ሄዶ ድንጋይ ላይ ተቀመጠ። ክረምቱን በጭቃው በጃንጥላ ሄድን። አንድ ቀን ተዝካር ላይ እንደ ድሮው በልቶ መጣና በማግስቱ «ተበላሽቷል፣ ተዪው» ብሎ ተሸፈነ። «የአንድ ቀን መብል የአንድ ቀን ነው፤ ጃንጥላህን ያዝ» አልኩት፤ እያጉረመረመ ተነሣ።

አሁን ብታዪው ቀሏል፤ በክፉ እንዳትተረጉሚው። ድሮ ባጃጅ ውስጥ ከጎኑ የምቀመጠው እኔ ብቻ ነበርኩ፣ ያውም በግማሽ ጎኔ። ሰሞኑን አንዲት ሴት በመካከላችን ገብታ ተመችቷት ጨዋታ ጀመረች። ይህን ግን አልወደድኩትም።

አንድ ነገር ብቻ ልንገርሽ። ጠዋት በእግራችን ወጥተን የምንመለሰው ከመናኸሪያው ነው። ለምን እዚያ ድረስ ብዬ ብጠይቀው መንገዱ ሜዳ ስለሆነ ነው አለኝ። ሜዳ አይደለም፤ አቀበቱን አንቺም ታውቂዋለሽ። ከማርቆስም ሆነ ከቡሬ መኪና ሲገባ «ትንፋሼን ልሰብስብ» ብሎ ይቆማል። ተሳፋሪው ወርዶ ሲያልቅ ትንፋሹም ይሰበሰባል፣ እንመለሳለን። መንገድ ተዘግቶ መኪና በማይኖርበት ቀን ግን ትንፋሽ አያጥረውም።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አባትሽ ገባ። ለማን እንደሆነ ጠየቀኝ፣ ለልጅህ አልኩት። ውኃ ቀድቶ ጠጣ፣ ብርጭቆውን አጠበ፤ ብርጭቆ አጥቦ አያውቅም። በሩ ላይ ሲደርስ፦

«ጫማዬ አልቋል በያት» አለ።

ገበያው ጫማ ሞልቶት የለም ወይ አልኩት።

«የእግሬን ቁጥር የምታውቀው እሷ ናት» ብሎ ወጣ። እኔ የማላውቀው ይመስል።

የታመመ በእጅሽ ይዳን፤ የምትረግጪው መሬት ይቅናሽ፤ የመንገዱንም ሰላም እሱ ያምጣው። አርባ ሁለት ነው፣ ሰፋ ያለ፣ ጥቁር።

እናትሽ በለጠች