ከጭራ የጀመረው ውኃ

ሰኞ፣ ጥር 18። ከትምህርት ቤት መልስ።
ወንድሜ ታዴ፣ አካፋህን ወስጄዋለሁ፤ ከበሩ ጀርባ እንዳትፈልገው። ቦዩ ዛሬም ደርቆ ዋለ። እኛ ታች ያለነው ነጭ ሽንኩርታችን እያረረ ነው፤ ላይኞቹ መስካቸውን ሳይቀር ያጠጣሉ። ጅረቱ አንድ፣ የውኃ ኮሚቴው ሁለት። የላይኛው ገበሬ ማኅበር የራሱ፣ የታችኛው የራሱ። ማኅተም ሁለቱም አላቸው። ውኃ ያለው አንዱ ብቻ።
አንተ በክረምቱ ጅረቱን ወደ ቦዩ የሚመልሰውን ጠለፋ ስትጠግን ጎርፍ እስኪወስድህ ድረስ የምትለው አንድ ነገር ነበር፦ አንድ ጅረት፣ አንድ ኮሚቴ፤ ተራውም ከቦዩ ጭራ ይጀምር። እሑድ ሁለቱ ማኅበራት ይሰበሰባሉ። ካልሆነ ሽንኩርቱ አለቀለት።

እሑድ፣ ጥር 24። ከሰዓት።
ሆነ! ቶሎ ልጻፈው።
ሐሳብህን እኔ ተናገርሁ። የላይኛው ሊቀመንበር አቶ ደምሴ ሣቁብኝ። «በጅራቱ የሚግጥ በሬ የት አየህ፣ አንተ ተማሪ?» ሰዉ ሁሉ ሣቀ። ጆሮዬ ጋለ። ግን አልተቀመጥሁም። ታችኞቹ ቀድመው ካጠጡ፣ ላይኞቹ የራሳቸው ተራ ቶሎ እንዲደርስ ቦዩን ይጠርጋሉ፤ ከላይ ከተጀመረ ግን የጠገበ ሰው መጥረጊያ አያነሣም አልኳቸው።
አባባ ተነሡ። አንተን ከቀበርን ወዲህ በሰው ፊት ሲናገሩ መጀመሪያቸው ነው። ጠለፋው በየክረምቱ ይፈርሳል፣ የሚሠራው በታችኞቹ ጉልበት ነው፣ ልጄም እዚያ ቀረ፤ ውኃ ካላገኘን ከእንግዲህ አንወጣም አሉ። ባርኔጣ ያላወለቀ አልነበረም።
አቶ ደምሴ ባርኔጣቸውን በእጃቸው እንደያዙ፣ «ጓዶች፣ እጅ እናውጣ» አሉ። የመጀመሪያው እጅ የእሳቸው።
አንድ ኮሚቴ፣ ተራውም ከጭራ! ከላይ ሦስት፣ ከታች ሦስት። ተራ የሚያስጠብቀው የውኃ አባትም ከታችኞቹ። አባባ ተመረጡ።

ማክሰኞ፣ ጥር 26።
ያለ አንተ ውኃ የማስገባበት የመጀመሪያው ጠዋት። ሁልጊዜ አንተ ከፊት፣ እኔ ከኋላ ነበርን። ዛሬ ብቻዬን ጠለፋው ድረስ ወጣሁ። ቆምሁ። አለቀስሁ፣ ትንሽ። ከዚያ በአካፋህ የቦዩን አፍ የዘጋውን ጭቃ ነቀልሁት።
ውኃው ሄደ። እኔም አብሬው ሮጥሁ። አቶ ደምሴ ቦያቸውን እየጠረጉ፣ «ቀስ በል አንተ ልጅ፣ ቅጠሉን ላውጣበት!» እያሉ ጮኹ። ቦዩ ጭራ ላይ ካለው የእማማ ጥሩነሽ ማሳ ሲደርስ እልልታቸውን ገደሉ አስተጋባው። ቀጥሎ የእኛ። ሽንኩርትህ ጠጣ፣ ታዴ።
አካፋህን አጥቤ፣ በትከሻዬ እንደያዝሁ ክፍል ገባሁ። መምህሩ አርፍደሃል አሉኝ። አዎን፣ አልኳቸው፣ ውኃ ስናስገባ ነው። ልጆቹ ጭቃዬን አይተው ሣቁ፤ እኔም አብሬያቸው ሣቅሁ።